የጎረቤት ሳህን

እኛ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ መጋገሪያና አንድ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳህን ከሌላው ዕቃ ተለይተው ይቀመጣሉ። ሥጋ ነክቷቸው አያውቅም። ባለቤቴ የምታጥባቸው በራሳቸው ስፖንጅ ነው፤ ሲደርቁ ንጹሕ ጨርቅ ታለብሳቸዋለች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው፤ ግድግዳ የምንጋራው ከሙስሊም ቤተሰብ ጋር ነው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ስለዚህ ገናም ሆነ ፋሲካ ሲመጣ ባለቤቴ ከሁሉ አስቀድማ በዚያ መጋገሪያ ለጎረቤቶቻችን ዳቦ ትጋግራለች፤ በዚያ ሳህን ትልካለች። ሳህኑ እነሱ ጋ ይቆያል። ዒድ ወይም ዐረፋ ሲደርስ ሐልዋ ተሞልቶ ወይም ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ተቆልሎበት ይመለሳል። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ መቼ እንዳወጡት እነሱም የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ቤቱን ሲያስተዳድር የኖረ ሕግ ግን ነበር።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። አባቴ በባቡሩ ሥራ ምክንያት ከደጋ ወርዶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር፤ ሲሞት ትምህርቴን ጥዬ ሥራ ገባሁ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ ገጥሜ፣ የፍሪጅና የማራገቢያ መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ ነው። እንደዚህ የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፦ ያወቀውን በላቡ ስላወቀው ከሌላ ሰው እውቀት ያስበልጠዋል። ቤቴንም ያስተዳደርኩት እንደዚያ ነው። ጫት አይገባም፣ አረቄ አይገባም፣ ውሸት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሕፃኑ ሽማግሌውን አንተ ብሎ ይጠራል፣ ሽማግሌውም አይከፋውም። የእኔ ልጆች ግን እኔን አንቱ እያሉ ነው ያደጉት።

ጎረቤቴ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። ሐጅ ያደረገ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሐጂ ይለዋል፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ አሁን ሱቁን ለልጁ ትቷል። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሥር ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ጫቱን ይቅማል። እኔ በዚህ በኩል ሞተር እየፈታሁ እሰማዋለሁ።

«ወሪያ፣ አንተ ሰውዬ!» ይላል በግድግዳው ላይ። «ዛሬስ ማንን ኮነንክ?»

«አንተን።»

«አቦ፣ እኔን ተወኝ። አንተ ገነት ብትገባ ብቻህን ነህ። ማን ሊያጫውትህ ነው?»

«ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

«ወላሂ ትሰለቻለህ። ፍሪጅ እንኳ አይበላሽም እኮ እዚያ።»

ሚስቱ ደግሞ ለባለቤቴ ከእህት በላይ ናት። ሴት ልጄ ስትወለድ መጀመሪያ ያጠበቻት እሷ ናት። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ፣ ማለትም ሕመሙ ወገብዋ አጥንት ውስጥ ከገባና ሐኪሞቹም ከማስታገሻ ሌላ የሚሰጡት እንደሌለ ከተናገሩ ወዲህ፣ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣ ነበር። የሰሊጥ ዘይት አሙቃ ጀርባዋን ታሽላታለች። አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይሉ ነበር። ስለ እኔ እንደሚያወሩ አውቃለሁ፤ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ በቀን ውስጥ ፊቷ የሚፈታው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለነበር የፈለጉትን ቢያወሩ ግድ አልነበረኝም።

ልጄ ለፋሲካ የመጣችው እናቷን ልትጠይቅ ነው። በውጭ አገር አረጋውያንን ትንከባከባለች። ቤት ከወጣች ብዙ ጊዜዋ ስለሆነ ስትገባ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ግቢ እስክላት ድረስ። በማግስቱ ፍሪጁን ስከፍት በሩ ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ አየሁ። ውስጡ ጥቁር ማር የመሰለ ወፍራም ነገር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእማዬ ነው፣ አባባ። የዕፅ ዘይት ነው። እኔ የምሠራበት አገር እንደሷ ለሚያማቸው ሰዎች ይሰጣል።»

«ጽሑፉ የታለ?»

«መንገድ ላይ ረጥቦ ተላጠ።»

ዕቃ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የረጠበ ወረቀትና በጥፍር የተፋቀ ወረቀት የሚተዉት ምልክት አንድ አይደለም። የተፋቀ ነበር። ግን አልገፋሁበትም። ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ጠርታኝ ፓፓያ አምጣልኝ ብላኝ ነበር። ሌሊቱን ሳታቃስት አድራ፣ ለወራት ሳትፈልገው የቆየችውን ምግብ በአፏ ጠይቃ፣ ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ ስቃለች። እንዲህ ያየ ሰው ስሪንጅ አይመረምርም። ዕፅ ሁሉ የእግዜር ነው ብዬ የፍሪጁን በር ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሹር ባለቤቴ ተኝታ ታዛለች፣ ልጄ ወጥ ቤት ትሠራለች። ከአልጋዋ ሆና «የነሱን አስቀድሚ! ሥጋው ሳይገባ!» ስትል እሰማ ነበር። ልጄም ታዘዘች። ገበያ ወርዳ አዲስ መጋገሪያ ገዝታ፣ ማንም ያልነካው ይሁን ብላ፣ የጎረቤቶቻችንን ድፎ በእሱ ጋገረች። ጨርቅ ጠቅልላ ከጠረጴዛው ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ለእናቷ ብቻ የሚሆን ኬክ ልትሠራ ቅቤ አቀለጠች፤ ያንን ጥቁር ዘይት ከቅቤው ጋር አዋሐደች። እናትየዋ ከጾም በኋላ የበዓሉን ምግብ እንደ ሰው ትቅመስ፣ መድኃኒቱም ይግባላት ብላ ነው። ከሌላው ምግብ እንዳይነካካ ለብቻው የሆነ ንጹሕ ዕቃ ፈለገች። ቀና አለች። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከቤቱ ሁሉ ንጹሕ የሆነውን መጋገሪያ አየች።

ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አላስታወሰችም። ልጅ ሆና እጇ ስለማይደርስ ነክታው አታውቅም፤ ካደገች በኋላም እዚህ አልኖረችም። ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት ቢሆን መጋገሪያ መጋገሪያ ነው። እኛ ቤት ግን ያ መጋገሪያ አፍ ነበረው፤ ውስጡ ያለው የማን እንደሆነ ይናገራል።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጉ ታርዶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ሁላችንም ትንሽ ተኝተን ከተነሣን በኋላ ባለቤቴ ጠራችኝ። ሌላ ጊዜ ሳህኑን የምትወስደው ራሷ ነበረች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ግማሽ ቀን ትቀራለች። ዘንድሮ መቆም አልቻለችም።

«የነሱን አንተ ውሰድላቸው። ልጅቷ ጋግራዋለች።»

«የት ነው?»

«ወጥ ቤት ነዋ! የት ሊሆን ነው?»

ልጄ ገላዋን እየታጠበች ነበር። ወጥ ቤት ገባሁ። በጨርቅ የተጠቀለለውን ድፎ አላየሁትም ብል ውሸት ነው፤ አይቼዋለሁ። ዓይኔ የሄደው ግን ወደ መጋገሪያው ነው። ውስጡ ወርቅ የመሰለ፣ በላዩ ኑግ የተነሰነሰበት ኬክ ተቀምጧል። ልጄ ውጭ ኖራ ወጉን አልረሳችም፣ እንዲያውም አሳምራዋለች ብዬ ደረቴ ሞላ። በቢላ ቆራርጬ ሳህኑን ሞላሁት። ቁራሽ እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም፤ የጎረቤት ድርሻ አይቀመስም።

ሐጂ በር ላይ ተቀበለኝ። «ዘንድሮ ደግሞ አንተን ላኩህ?» አለና ሳህኑን አየ። «ያ ሰላም! ይሄን ማን ሠራው?»

«ልጄ።»

«የኛ ልጅ በል እንጂ! ያጠብናት እኛ፣ የምትኮራው አንተ።»

ሚስቱ ስኳር አለባት፤ ጣፋጭ አትነካም። የልጅ ልጆቻቸው በእናታቸው በኩል ያለችው አያታቸው ቤት ናቸው ተባለ። ያን ጊዜ ይህ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ግን ሳስበው እነዚያ ሕፃናት በዚያ ቀን እቤት ያልነበሩበትን ምክንያት እግዜር እንጂ ሌላ ማን ሊያውቀው ይችላል እላለሁ። ከግድግዳው ማዶ ሐጂ ጫቱን ይዞ በሻይ ኬኩን ሲበላ ሰማሁት። «አንተ ሰውዬ!» አለኝ ጮክ ብሎ፣ «ልጅህን እዚህ አስቀራት!»

ፀሐይ ገብታ ሲጨላልም ልጄ የእናቷን ራት ልታቀርብ ከገባችበት ወጥ ቤት ወጣች። ባዶውን መጋገሪያ ይዛለች።

«አባባ፣ እዚያ የነበረው ኬክ የት ሄደ?»

«ለነሐጂ ወሰድኩት። ለነሱ የሠራሽውን።»

«የነሱ እኮ እዚህ ነው!» ብላ የተጠቀለለውን ድፎ አሳየችኝ። «ያ የእማዬ ነበር! ዘይቱ ያለበት!»

«ታዲያስ? ዘይት ነው፤ ምን ያደርጋቸዋል?»

ያን ሁሉ ጊዜ ያልተናገረችውን ቃል ተናገረች። «ሐሺሽ ነው፣ አባባ። ከሐሺሽ የወጣ ነው። ለታመመ ሰው ትንሽ ትንሽ ነው የሚሰጠው።»

ልመታት እጄን አንሥቼ ነበር። አልመታኋትም፤ በዚያው ቅጽበት ከማዶ የሴት ጩኸት ሰማን።

ሐጂ ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሄዶ ነበር። ሶፉ ውስጥ ከሰጋጆቹ ጋር ተሰልፎ ቆሞ፣ ሰዎቹ ከሱጁድ ሲነሡ እሱ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ ቀረ። ደከመው ብለው አነሡት። ሲያነሡት ሳቀ። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሶላት ያልዘለለ፣ መስጊድ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ ደግሞ አለቀሰ። በባጃጅ ጭነው አመጡት።

ልንሄድ ስንነሣ ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና እጄን ያዘች። ሁሉን ሰምታለች።

«አትንገራቸው» አለችኝ። «ያልፋል ብላለች ልጅቷ። ተኝቶ ይነሣል። ሙቀት ነው ይበሉ፣ እርጅና ነው ይበሉ። አንተ ብቻ አትናገር።»

«እዋሻለሁ?»

«ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። እባክህ። እኔ ከሐጂ ሚስት ሌላ ማን አለኝ?»

እጄን ከእጇ አወጣሁ።

እነሐጂ ቤት ሰው ሞልቷል። ሐጂ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል፤ ሚስቱ በጨርቅ ግንባሩን ታረጥባለች። እኔን ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«መጣህ! ና፣ ና። ይሄን ማራገቢያ ምን አስተማርከው? ስሜን ይጠራል እኮ!»

ማራገቢያውን የጠገንኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ትልቁ ልጁ ግን አልሳቀም። ሱቁን የተረከበው፣ ፂሙን ያስረዘመው ልጁ፣ ከራስጌ ቆሞ ነበር።

«አባቴን ምን አጠጣችሁት?» አለኝ። «በበዓላችሁ ምን አጠጣችሁት? መስጊድ ሙሉ ሰው ሰክሯል እያለ ነው።»

«ከቤቴ አረቄ አይወጣም። ታውቀኛለህ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ልጄ ከኋላዬ ቆማ «ታመው ይሆናል፣ ውሃ ስጧቸው፣ ይተኙ፤ እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ» ትላለች በቀስታ። በአማርኛ አነጋገሯ ውስጥ ፍርሃቱ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ብቻ ቁጣ አልነበራትም፤ ምን ይሻላል ብላ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ያን ጊዜ እሷን ወደ ጥግ ጠርቼ ለብቻዋ መንገር እችል ነበር። ይህ አልታሰበኝም። የታሰበኝ የሰውየው ስም ነው፤ ሰክሯል መባሉ ነው። ደግሞም ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆቼ ያስተማርኩት ነው።

«አረቄ አይደለም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ኬኩ ውስጥ ሐሺሽ ነበረበት። ልጄ ለእናቷ ሕመም ያመጣችው ዘይት ነው። በስሕተት እኔ አመጣሁላችሁ። እሱ አላወቀም። ጥፋቱ የቤቴ ነው።»

ልጁ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ። «ሐሺሽ! ከአረቄ ሐሺሽ ይሻላል ብለህ ነው የነገርከን?»

ሚስቱ ጨርቁን ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ከተተችው። ልጄን አየቻት። «አንቺ?» አለቻት። ያችን አንዲት ቃል የተናገረችበትን ድምፅ ለመግለጽ አልሞክርም።

ሐጂ በነጋታው ደኅና ሆኖ ተነሣ። ሰውነቱ ምንም አልሆነም። ከተማው ግን ሳይተኛ ነው ያደረው። ሰክሯል የሚለው ወሬ አንድ ሳምንት ቆይቶ ይሞት ነበር፤ ሐሺሽ የሚለው ግን አዲስ ነው፣ ጣዕም አለው። ከዚራ ሰፈር ድረስ ሥራ ስሄድ ሰው ፍሪጁን ከመክፈቴ በፊት ስለ ኬኩ ይጠይቀኝ ጀመር። «የበዓል ኬክ አለ እንዴ?» የሚሉኝ ጎረምሶች ነበሩ። ድሬ ቀልድ ትወዳለች፤ ቀልዱ የሚያርፍበት ሰው ማን እንደሆነ ግን አትጠይቅም። መስጊዱ በር ላይም ሐጂን «ማራገቢያው ዛሬ ምን አለህ?» ይሉት እንደነበር ሰማሁ።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ዘይቱን ከልጄ ተቀብዬ ሽንት ቤት ደፋሁት። ደጋግሜ ውሃ ለቀቅሁበት። ስመለስ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እሱን እንኳ ተዉላት፣ አባባ። ስሕተቱ የኔ ነው፤ እሷን ለምን ይቀጣሉ?»

«ሕገ ወጥ ነገር ቤቴ አይቀመጥም። ሰው መረዝሽ፤ አሁንም ታወሪያለሽ?»

«ሐጂ ከቀትር እስከ መግሪብ ይቅማሉ። እሱስ ምንድን ነው?»

«የሚቅመውን አውቆ ነው የሚቅመው። አንቺ ሳያውቅ ነው ያበላሽው።»

«ያበላሁት እኔ ነኝ? ለምን እንዳልነገርኩዎት አልጠየቁኝም። ብነግርዎ በዚያው ቀን ይደፉት ነበር። ደፉት እኮ!» ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ጣለችው። «አንተ የምትወደው እውነትን አይደለም። እውነት ስትናገር ራስህን መስማት ነው የምትወደው።»

አባቱን እንዲህ የሚናገር ልጅ ይቀጣል። እኔም እንደዚያ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ግን የነገረችኝ ነገር በቅጣት የሚሰረዝ አይደለም፤ እሱን መካድ አልችልም። ከበር ጀምሮ የማያስጠጋ አባት ባለበት ቤት ወረቀት ይፋቃል። እናቷን ለመርዳት እንደ ሌባ መግባት ነበረባት። ይህ እሷን ነፃ አያወጣትም። ለበጎ ያሰበ ሁሉ በጎ አይሠራም፤ አስቦ ያልተናገረ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው። ልጄ ዕረፍቷ ሳያልቅ ተመለሰች። ስትወጣ እናቷን ሳመች፤ እኔን በአንገቷ ሰላም ብላኝ ታክሲ ገባች።

የሐጂ ሚስት ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣችም። ባለቤቴ ከሰዓት ሲሆን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትተኛለች። የሰሊጥ ዘይቱን እኔ አሙቄ ላሻት ሞከርኩ። «እጅህ ሻካራ ነው» አለችኝ። ሻካራ ነው፤ ብረት የነካ እጅ ነው። ማቃሰቱ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ባሰ፣ ምክንያቱም አሁን ሕመም የሌለበት ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ፓፓያ ገዝቼ አመጣሁ። በሳህኑ ላይ ጠቁሮ ተጣለ።

ሐጂ ራሱ ነው የመጣው፤ አንድ ቀን ከሰዓት። ጫቱን አልያዘም። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። «አልተቀየምኩህም። እንዳትሳሳት።»

«ግባ እንጂ።»

«አይ። ስማኝ። ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር። ግን ምን አደረግህ ታውቃለህ? የማያውቅ ሰው በማያውቀው ነገር አይጠየቅም። ባልሰማ ኖሮ ታምሜ ነበር ብዬ እኖር ነበር፤ በሚቀጥለው በዓል ከቤትህ እበላ ነበር። አሁን ሰማሁ። በሰው ፊት ሰማሁ። ልጆቼ ሰሙ። አውቄ ከዚህ ቤት እንዴት እበላለሁ?»

«እንደገና አይሆንም። ዘይቱን ደፍቼዋለሁ።»

«አምንሃለሁ። አንተ አትዋሽም።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ አቦ። ለኔ ለብቻዬ በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ግድግዳው አልነበረም? ስንት ነገር ነግረኸኛል በዚያ ግድግዳ።»

ልሄድ ነው ሲል ስለ ሚስቱ ጠየቅሁት።

«እሷ ታለቅሳለች። ልጃችን ‹ከነሱ ቤት ከገባሽ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ› ብሏታል። እናት ናት፤ ምን ታድርግ?» ካለ በኋላ ወደ ውስጥ ወደ ክፍላችን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰላም በልልኝ። እንዴት ናት?»

«ያማታል።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ እሱም እውነቱን ነገረኝ። ሁለታችንም ምንም አላተረፍንም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፦ ሳህኑ። የፋሲካ ዕለት የወሰድኩት፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው ሳህን እነሱ ጋ ነው። ባለቤቴ ስለ እሱ መናገር ጀመረች። «ዐረፋ ይመጣል» ትላለች። «ሰው ቢኮራረፍ ወግ ወግ ነው። ያቺ ሴት ሳህን ባዶ አትልክም። ሐልዋውን ትልካለች፤ ስትልክ እሷም ትመጣለች፣ ወይም ሌላ ሰው ብትልክ እኔ መልሼ እልካለሁ። እንዲህ ነው የሚጀመረው።» በሕመም ውስጥ ያለ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እሷ ሳህኑን ያዘች። ዐረፋው ሲቃረብ ፀጉሯን እንድሠራላት ጠየቀችኝ፤ እኔ ጎንጉኜ አላውቅም፣ በቀላሉ አሰርኩላት። አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር አጽዳ አለችኝ፤ ለእንግዳ።

የዐረፋ ጠዋት ሰፈሩ በተክቢራ ተሞላ። ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ሰላም ይባባላል። ከማዶ የበግ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ። የሐልዋው ሽታ በግድግዳው ላይ መጣ፤ ሄሉን ለየሁት። ባለቤቴም ሸቷታል። ዓይኖቿን ጨፍና የምትቆጥር ሰው መሰለች።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወጣሁ። የቤት ሠራተኛቸው ነበረች፤ አዲስ ናት፣ አታውቀኝም። በሁለት እጇ ሳህኑን ያዘች። በአዲስ ጨርቅ ተጠቅልሏል። «ዕቃችሁን መልሱ ብለውኝ ነው» አለች። «ማን?» አልኳት። «የልጃቸው ሚስት።» ሰጥታኝ ሄደች።

ባዶ መሆኑን በክብደቱ አወቅሁ። ጨርቁን ገለጥኩት። ታጥቧል፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ታጥቧል። ጠርዙ ላይ ያለው ሰማያዊ አንድ ቦታ ተፍቆ ነበር።

«መጣ?» አለች ባለቤቴ ከውስጥ። ድምፅዋ የወጣት ድምፅ ነበር። «ሳህኑ ነው?»

«ነው።»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቆሜ የቀረሁት ወደ ውጭ እያየሁ ነው። የመንገዱ ጥግ ላይ ሐልዋ ሻጩ ዕቃውን ዘርግቶ ሰው ከቦታል፤ ከዚህ ይታየኛል። ማን እንዳየኝ፣ ማን እንዳላየኝ አሰብኩ። ይህን የጻፍኩት ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ሳህኑን እዚያ አስሞልቼ ከነሱ ነው የመጣው ልላት አስቤ ነበር። ከዚያ ሳህኑን እንዳለ ይዤ ገባሁ።

ባለቤቴ አየችው። ብዙ አየችው። አላለቀሰችም። ያሰርኩላት ፀጉር በአንድ በኩል ተፈትቶ ነበር። እንዳስቀምጠው በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አመለከተችኝ። ጨርቁን አልብሼ ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ወደ እነሱ ቤት ግድግዳ።

«ሐልዋ ሻጩ እኮ ጥጉ ላይ ነው» አለች።